ከሞራ ለሚሠራ የቤት ሳሙና አረፋ የሚጨምሩ ነገሮች

ከከብትና ከበግ ሞራ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሳሙና እድፍን በሚገባ ያስለቅቃል፤ ጠንካራ ስለ ሆነም ቶሎ አያልቅም። ነገር ግን በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠቡበት አረፋው ጥቂት ነው። ገዢ ደግሞ ሳሙናን የሚመዝነው በአረፋው ስለ ሆነ፥ አረፋ የማያወጣውን ትቶ የፋብሪካውን ይገዛል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሳሙና ሠሪዎች አረፋው እንዲበዛ ብለው ኮስቲክ ሶዳ ይጨምራሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ከልኩ ያለፈ ኮስቲክ ሶዳ አረፋን አይጨምርም፤ ይልቁንም ቆዳን ይልጣል፥ ዓይንን ይጎዳል። አረፋን የሚጨምሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም በአካባቢያችን የሚገኙ ናቸው።

አረፋ የሚያንስበት ምክንያት

አንደኛ፥ የስቡ ዓይነት ነው። አረፋ የሚነሣው ሳሙናው በውሃ ሲሟሟ ነው። የሞራ ሳሙና ግን በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም።

ሁለተኛ፥ ጨው ነው። ሞራው ጨው የነካው ከሆነ አረፋው ይቀንሳል። ስለዚህ ሞራው በብዙ ውሃ ተፍልቶ በጨርቅ ይጣራ፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋው ስብ ይወሰድና ከሥሩ ያለው ውሃ ይደፋ። ጨው ካለው ይህ ሥራ ሁለት ጊዜ ይደገም።

ሦስተኛ፥ የውሃው ጠባይ ነው። በመቀሌና በድሬዳዋ አካባቢ እንደሚገኘው ያለ፥ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል እንጂ አረፋ አያወጣም። ይህን ለማወቅ በአንድ ጠርሙስ የዝናብ ውሃ፥ በሌላው የጉድጓድ ውሃ ይጨመር፤ እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ተጨምሮባቸው ይናጡ። በዝናቡ ውሃ ብቻ አረፋ ከታየ ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። ሳሙና ለመሥራትም የዝናብ ውሃ ይመረጣል።

የጉሎ ዘይት

ጉሎ በብዙ አገራችን ክፍሎች በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። የዘይቱ ሳሙና በውሃ እጅግ ይሟሟል። ስለዚህ ከሞራ ጋር ሲቀላቀል አረፋው ቶሎ ይነሣል፥ ሳይከስምም ይቆያል። መጠኑ ከጠቅላላው ስብ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ነው። ከዚህ እጅግ ቢበልጥ ሳሙናው ይለሰልሳል፥ ይጣበቃል።

የጉሎ ፍሬ መርዝ እንዳለው አይዘንጋ። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎም ለከብት አይሰጥም። ጉሎ የተወቀጠበት ሙቀጫ ለምግብ አይዋል። ተጨምቆ የተጣራ ዘይት በገበያ ከተገኘ እርሱን መግዛት ይሻላል።

ስኳር

ለ1 ኪሎ ስብ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ስኳርም እንደ ጉሎ ዘይት ሳሙናው በውሃ በቀላሉ እንዲሟሟ ይረዳል። ማርም ይህንኑ ያደርጋል፤ ግን ዋጋው ውድ ነው። ስኳር ያለበት ሳሙና ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ በቅርጹ ውስጥ ሳለ በብርድ ልብስ አይሸፈን፤ ቢሸፈን ይሰነጠቃል።

መጠንና አሠራር

የተጣራ ሞራ 900 ግራም
የጉሎ ዘይት 100 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 130 ግራም
የዝናብ ውሃ 330 ግራም
ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ

ሁሉም በሚዛን ይመዘን፤ በስኒ መስፈር አይበቃም።

1. ስኳሩ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ፈጽሞ እስኪሟሟ ይማሰል።
2. ኮስቲክ ሶዳው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ይጨመር። ውሃ በኮስቲክ ሶዳ ላይ ከቶ አይፈሰስ፤ ገንፍሎ ያቃጥላል። ስኳሩ ውሃውን ቡናማ ቢያደርገው አያስደነግጥም።
3. ሞራው ቀልጦ ከጉሎ ዘይቱ ጋር ይቀላቀል። ስቡም ውሃውም ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርሱ ውሃው በስቡ ላይ በቀስታ እየፈሰሰ ይማሰል።
4. እንደ አጥሚት ሲወፍር ወደ ቅርጹ ይገልበጥ። በማግሥቱ ወይም ሲጠነክር ተቆርጦ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ሳይበስል የተሸጠ ሳሙና አረፋውም ያነሰ ነው፥ ቶሎም ያልቃል።

በሞራው ፋንታ ሌላ ዘይት የሚጨምር ሰው የኮስቲክ ሶዳውን መጠን እንደገና ማስላት አለበት፤ እያንዳንዱ ስብ የራሱ ልክ አለውና። ለምሳሌ የኮኮናት ዘይት ብዙ አረፋ ያወጣል፤ ግን ከሞራ የበለጠ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል።

ጥንቃቄ

ሥራው በደጅ፥ ሕፃናትና ከብት በሌሉበት ይሠራ። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ድስት በኮስቲክ ሶዳ ስለሚበላ አይሆንም፤ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ይሁን። ቆዳን ወይም ዓይንን ቢነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረዥም ጊዜ ይታጠብ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የተረፈው ኮስቲክ ሶዳ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ውሃ መስሎት የሚጠጣው ሕፃን ጉሮሮው ይቃጠላል።

ስለ እንዶድ

እንዶድ ብዙ አረፋ ስለሚያወጣ ከሳሙና ጋር ቢቀላቀልስ ብለው የሚጠይቁ አሉ። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ነው። ነገር ግን ዓይንንና አፍንጫን ይቆጠቁጣል፤ ዓሣንና ቀንድ አውጣንም ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፥ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚጠቅም ያስታወቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። ስለዚህ እንዶድ ለልብስ ብቻ ይቆይ፤ ለገላና ለፊት በሚሆን ሳሙና ውስጥ አይግባ፤ እጣቢውም ዓሣ ባለበት ኩሬ አይደፋ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ከመናገር በሥራ ማሳየት ይበልጣል። አንዱ ሳሙና ከሞራ ብቻ፥ ሌላው ከላይ በተጻፈው መጠን ይሠራ። ለሞራ ብቻው ሳሙና 1 ኪሎ ሞራ፥ 132 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 330 ግራም ውሃ ይበቃል። ሁለቱም ከበሰሉ በኋላ ሴቶቹ በአንድ ዓይነት ውሃ እጃቸውን ታጥበውባቸው ይፍረዱ። በየመንደሩም አንድ ጥሩ ሚዛን በጋራ እንዲገዛ ይመከር። የሳሙናው አረፋ በጉሎና በስኳር ይመጣል፤ የገዢው ቆዳ በደኅና የሚቆየው ግን በሚዛኑ ነው።