ስለ ተክልና ስለ እንስሳ ሕዋሳት፤ እያንዳንዱ ለሥራው እንደሚገባ ስለ መሠራቱ

የእርሻን ሥራ የሚመራ ሹም፣ ማሳም ያለው ሰው፣ ተክሉን የሚያየው በውጭ ነው፤ ግንዱን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ይመለከታል። ነገር ግን ተክል የሚለመልምበትና የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በዓይን ከማይታይ ስፍራ ይገኛል።

ቤት በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ እንደሚሠራ፣ የተክልም የእንስሳም አካል ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ረቂቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ የቡሽን ቅራፊ በማጉያ መነጽር መርምሮ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ሆኖ አገኘው፤ ይህንንም በ1665 ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በመጽሐፍ ገለጠ። እነዚያንም ክፍሎች ትንሽ ጓዳ ማለት በሆነ ቃል ጠራቸው። ይሁን እንጂ ሕዋሳት ሁሉ በአንድ መልክ አልተሠሩም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ በረኛው፣ ውሃ ቀጂውና እንጀራ ጋጋሪዋ በየሥራቸው እንደሚለዩ፣ እነርሱም እንዲሁ ይለያሉ።

ከሥሩ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ሕዋስ እንደ ጠጕር ቀጥኖ ወደ አፈሩ ይዘረጋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ርዝመቱም ብዙ አፈር እንዲነካ ስለሚያደርገው ውሃንና ማዕድንን ይቀበላል። ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ ሥሩ እያደገ አዲስ ያበቅላል። የተቀበለውን ውሃ ወደ ላይ የሚያደርሱት ሕዋሳት ግን ግድግዳቸውን ካጠነከሩ በኋላ ይሞታሉ፤ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ እንደ ቧንቧ ይቀጣጠላሉ። ሞተውም አገልግሎታቸውን አይተዉም።

በቡና ቅጠል ታችኛ ፊት ደግሞ እንደ በረኛ የሆኑ ጥንድ ጥንድ ሕዋሳት አሉ። ውሃ ሲጠግቡ ተነፍተው ይጐብጣሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ቀዳዳ ይከፈታል። ውሃ ሲያጡ ይላላሉ፤ ቀዳዳውም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ውሃው ይቈጠባል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራበት አየር ስለማይገባ ዕድገቱ ይዘገያል።

በእንስሳም እንዲሁ ነው። የበሬ ቀይ የደም ሕዋስ ከሳንባ የተቀበለውን አየር ለጡንቻ ያደርሳል፤ ለዚህ ጭነት ቦታ እንዲኖረው ሲጐለምስ በውስጡ ያለውን አስኳል ይጥላል። መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዥያ የተባለው ረቂቅ ተውሳክ ይህን ሕዋስ ሲሰብር፣ የበሬው ሽንት ይቀላል፤ ጕልበቱም ይደክማል። ስለዚህ መዥገርን ማጥፋት የበሬን ጕልበት መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለቡና ተከላ ታላቅ ትምህርት ይገኛል። ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ፣ አፈሩም ተራግፎ፣ በፀሐይ የተወሰደ እንደ ሆነ፣ ውሃ የሚቀበሉት ጠጕር መሰል ሕዋሳት ይበጠሳሉ፤ የቀሩትም ይደርቃሉ። ቅጠሉ ውሃ ማውጣቱን ሳያቋርጥ ሥሩ መቀበሉን ያቆማል። ሕዝቡ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በዝናቡ ያሳብባል። እንግዲህ መደቡ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ ችግኙም ከነአፈሩ ይነሣ፤ ጕዞው በደመና ወይም በምሽት ይሁን፤ ከተተከለም በኋላ ጥላ ይደረግለት።

ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመዝገብ መጻፉ ብቻ ለገበሬው አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ሥር የሰደደው ነው፤ ሹምም ሊቈጥር የሚገባው ይህንኑ ነው።