በዓሉን ራሳቸው ያሰናዱት፦ የገና ዝግጅት በአካል ጉዳተኛ ጎልማሶች የቀን ማዕከል

በዓል በእኛ ቤት ከድግስነቱ በፊት ሥራ ነው። ገና ሲቃረብ አንዱ ሽንኩርት ይልጣል፣ ሌላው እህል ያስፈጫል፣ አንዷ ቡና ትለቅማለች፣ አባወራዎች ስለ ቅርጫ ይነጋገራሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ እንግዳ ብቻ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ብዙ ጎልማሶች ግን በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ሆነው በዓል ይውላሉ፤ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ፣ ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። የሚውሉባቸው ማዕከሎችም ለበዓል ሲነሡ ይህንኑ መድገም ይቀናቸዋል። ሠራተኛው ያስጌጣል፣ ሠራተኛው ያበስላል፣ ሠልጣኙ ወንበር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ይህ መለወጥ አለበት። የማዕከሉ ሥራ ለሠልጣኞች በዓል ማዘጋጀት ሳይሆን እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከዝግጅቱ አንድ ቁራሽ በእጁ እንዲሠራና ያንኑ ሥራ ወደ ቤቱ ይዞ እንዲገባ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአዲስ አበባ ሀና ማርያም አካባቢ ሆኖ መለስተኛ በጀትና ጥቂት ሠራተኞች ያሉትን ማዕከል በማሰብ የተጻፈ ነው።

ሐሳቡ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል መነሻውን ላስቀምጥ። ስዊድናዊው ቤንግት ኒርዬ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው የቀኑ፣ የሳምንቱና የዓመቱ ምት ሊጠበቅለት እንደሚገባ ተከራክሮ ነበር፤ በዓላት የዚህ የዓመት ምት አካል ናቸው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት ከሌሎች እኩል የመሳተፍ መብትን ይደነግጋል። መሳተፍ ማለት መመልከት ብቻ አይደለም። በአገራችን የነበረው ጥረት በአብዛኛው በልጆች ላይ ያተኮረ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ጥያቄው ትምህርት ቤት የሚቀበላቸው ያጡት ልጆች ጉዳይ ነበር። የያኔ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ለጎልማሳ ፊኛ ነፍቶ፣ የልጆች መዝሙር ከፍቶ በዓል ማክበር ዕድሜውን መንጠቅ ነው።

ዝግጅቱ ኅዳር 24 ይጀመር። ዕለቱ የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን በመሆኑ ቤተሰብ ወደ ማዕከሉ የሚመጣበት አጋጣሚ ይኖራል፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ደግሞ አምስት ሳምንት ይቀራል። (በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል የቀን መቁጠሪያው ከመለጠፉ በፊት ይህ ይታይ።) በዚያ ቀን ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር፣ ሠልጣኙም ባለበት፣ አጭር ውይይት አድርጉ። የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ ቤታችሁ የሚከበረው የትኛው በዓል ነው? በበዓሉ ዋዜማ ቤት ውስጥ ምን ምን ይሠራል? እሱ ወይም እሷ ዓይናቸውን የሚጥሉት የትኛው ሥራ ላይ ነው? የሚያስፈራቸው ድምፅ፣ የማይስማማቸው ምግብ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? መልሱን በአንድ ወረቀት ጻፉና አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። ሠልጣኞቹ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት ሆነው ሳለ ማዕከሉ እንዴት ገናን ያዘጋጃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በዓሉን መተው አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያደርገው፣ የማያከብረው ሰው እንኳን አደረሳችሁ ብሎ አብሮ ቡና የሚጠጣበት ወግ አለን። ሙስሊሙ ሠልጣኝ የገናውን ዳቦ ካገዘ፣ ኢድ ሲመጣ ክርስቲያኑ ያግዘዋል። የምግቡ ነገርም ከታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ በማዕከሉ የሚዘጋጀው ሁሉ የጾም ይሆናል፤ ሥጋ ከሌለ ደግሞ የማን ባረከው ጥያቄም አይነሣም። ድፎ ዳቦ፣ ቡና፣ ሙዝ ሁሉም አብሮ የሚቀርበው ማዕድ ነው። በዓሉን ማየትም ሆነ መንካት የማይፈልግ ቤተሰብ ካለ ቃሉ ይከበር፤ ለዚያ ሰዓት ሌላ እውነተኛ ሥራ ይሰጠው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ብዙ ማዕከሎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። "ዳቦ እንጋግራለን" የሚል ዕቅድ ለማንም አይመችም። ዳቦ መጋገር ወደ አሥር ትንንሽ ሥራዎች መበተን አለበት፤ እያንዳንዷም ባለቤት ይኑራት። ድፎውን እንውሰድ። ዱቄት በወንፊት መንፋት አንድ ጠንካራ እጅ ላለው ሰው ይሆናል፤ ወንፊቱን ሰፊ ሳፋ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በአንድ እጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል። የኮባ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ዝግታ የሚወድ፣ አንድን ሥራ ደጋግሞ ሲሠራ የሚረጋጋ ሰው ድርሻ ነው። ጥቁር አዝሙድ ለቅሞ መጨመር፣ ውኃ በኩባያ ለክቶ ማፍሰስ፣ እርሾ መበጥበጥ፣ ሊጡን ማሸት፣ ኩፍ ማለቱን ማየት፣ ኮባውን ምጣዱ ላይ ማንጠፍ፣ ሁሉም ለየብቻው ሥራ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው የሊጡ ሳፋ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ሳፋው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ይነጠፍ። ይህች ፎጣ ከብዙ ውድ መሣሪያ ትሻላለች። የሚያጣብቅ ነገር መንካት የሚያስጨንቀው ካለ ጓንት ስጡት፤ ካልሆነም ደረቁን ዱቄት ይያዝ። አንድን ሥራ ስታስተምሩ ከመጨረሻው ደረጃ ጀምሩ፦ ሌላውን እናንተ ሠርታችሁ የመጨረሻዋን እሱ ይፈጽማት፣ በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እንዲህ ሲሆን ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጨረሰውን ሥራ ያያል። ልምምዱ በትንንሽ ዳቦ በየሳምንቱ ይደረግ፤ ትልቁ ድፎ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ይጋገር፤ በዋዜማው መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ይበላሻልና።

የጊዜውን ቅደም ተከተል በቃል ብቻ መንገር አይበቃም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዳበረው ቲች የተባለው አሠራር ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች በሥዕል የተደገፈ የቀን ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ መሠረተ ሐሳቡ ቀጥሎ የሚመጣውን በዓይን ማየት ፍርሃትን ይቀንሳል የሚል ነው። ለዚህ ማተሚያ ቤት መሄድ አያስፈልግም። በስልክ የተነሡ ፎቶዎችን አሳትሞ ወይም በእጅ ሥሎ፣ የአምስቱን ሳምንት ቀናት በግድግዳ ላይ መለጠፍና ያለፈውን ቀን ሠልጣኙ ራሱ እንዲሰርዝ ማድረግ ይበቃል። ማዕከሉ የሚዘጋባቸው ቀናትም በሌላ ቀለም ይታዩ።

ቡናው ለጋራ ሥራ የተመቸ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ራሱ ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ጥሬ ቡና መልቀም፣ ማጠብ፣ ሲኒ መደርደር፣ ስኳር ማዞር ለብዙ ሰው ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ሥነ ሥርዓት ሦስት አደጋዎችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ቄጤማ ነው፤ እርጥብ ቄጤማ በሴራሚክ ወይም በሊሾ ወለል ላይ ክራንችና ጎማ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከበሩ እስከ መቀመጫው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባዶ መተላለፊያ ተትቶ ይጎዝጎዝ። ሁለተኛው ከሰል ነው። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ በተዘጋ ክፍል ይገድላል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በበዓል ዋዜማ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ምድጃው ደጅ ይቀጣጠል፣ ደጅ ይቆይ። ሦስተኛው ፈንዲሻና ቆሎ ነው። የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው፣ በተለይ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ዳውን ሲንድሮም ካለበት፣ ትን ሊለው ይችላል። ለእሱ የበሰለ ሙዝ ወይም አቮካዶ ተዘጋጅቶ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ሳይጣደፍ ይብላ።

"እሳትና ቢላዋ ባለበት እንዴት እናሳትፋቸው?" የሚለው ሥጋት ከእንክብካቤ የመነጨ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ግን አደጋው ያለው ከዝግጅቱ ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ሥራዎች ላይ ነው፦ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ መክተፊያው። እነዚህን ሠራተኛ ይያዝ፤ የቀሩትን ለመከልከል ግን ምክንያት የለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የበሽታው ምልክት ከታየ በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጋችሁ፣ ሰዓት ያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ክብሪት ማሽተትና በአፉ ማንኪያ ማስገባት ፈጽሞ አይደረግ። የበዓል መብራቶችም ብልጭ ድርግም ከማለት ወደ ቋሚ ብርሃን ይቀየሩ፤ በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራ መብራት የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከመቶ 3 ያህሉን ሊቀሰቅስባቸው ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ማስተካከሉ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ገበያ መውጣት ሌላው የማይዘለል ደረጃ ነው። ሀና ማርያም ለኃይሌ ጋርመንቱ አትክልት ተራ ቅርብ መሆኗ ዕድል ነው፤ ከፒያሳ የተነሣው ገበያ በጃን ሜዳ አልፎ የሰፈረው እዚያ ነው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በሥራ ቀን፣ ጭነት መኪኖቹ ካራገፉ በኋላ ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ሂዱ። በዋዜማው ሳምንት መሄድ ግን ሰውን በጩኸትና በግፊያ ማስፈራት ይሆናል። ገንዘቡን ሠልጣኙ ይያዘው፣ እሱ ይክፈል፣ መልሱን እሱ ይቀበል። ነጋዴው ፊቱን ወደ ሠራተኛው አዙሮ "ምን ይፈልጋል?" ቢል፣ ሠራተኛው "እሱን ጠይቁት" ብሎ ዝም ይበል። ለተሽከርካሪ ወንበር መንገዱን አንድ ቀን ቀድማችሁ እዩት፤ ኮብልስቶንና ክፍት ቦይ ጥሩ ዕቅድን ሲያበላሹ ይታያል። ማስኬድ ካልተቻለ ነጋዴውን ወደ ማዕከሉ ጋብዙት።

የገና ጨዋታንም አትተዉት። ሩሩ በጨርቅ ኳስ፣ ዱላው በቀላል ዘንግ ተተክቶ ሁሉም ወንበር ላይ ሆኖ ሊጫወት ይችላል። ንግግር ለሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ የበዓል ሰላምታ ነው። "እንኳን አብሮ አደረሰን" የሚለውን የወንድሙ ወይም የቅርብ ጓደኛው ድምፅ በስልክ ተቀድቶ፣ እሱ በጣቱ ሲነካው እንዲሰማ ይደረግ። በገና ጠዋት ቤት ለሚመጣው ሰው ሁሉ መልስ የሚሰጥ ይሆናል።

ስለ ለጋሾችም አንድ ነገር ልበል። በበዓል ሰሞን ማዕድ ለማጋራት የሚመጣ ሰው ቅን ልብ ይዞ ይመጣል፤ ማዕከሎችም ያለ ድጋፍ አይቆሙም፤ ስለዚህ በሩን መዝጋት አይቻልም። የሚቻለው የሚመጡበትን ቀን መቀየር ነው። በዋዜማው ዘይትና ዱቄት ይዘው ከሚመጡ፣ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይምጡና ዱቄቱን ራሱ ሠልጣኙ ተረክቦ ይንፋው፤ እንግዶቹም ከጎኑ ተቀምጠው ቡና ይልቀሙ። ፎቶ የሚነሣው ሰውየው ሲስማማ ብቻ ነው፤ መስማማቱም ከእሱ ከራሱ ይጠየቅ።

በመጨረሻው ሳምንት ትኩረቱ ወደ ቤት ይዙር። ሠልጣኙ የጋገረው ዳቦ አብሮት ይሂድ፤ ከእሱም ጋር የሚችለውን ሥራ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት። እናት "እኔ እሠራዋለሁ፣ አንተ ዕረፍ" ማለቷ ከፍቅር ነው፤ ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ቀድሞ ይነገራት። በየቀኑ የሚወሰደው መድኃኒት ማዕከሉ ለሚዘጋባቸው ቀናት ሁሉ መኖሩን አረጋግጡ፤ የበዓል እንቅልፍ ማጣትና የተዘለለ መድኃኒት የሚጥል በሽታን ያባብሳሉ። ማዕከሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን በለመዱት ሥራ ይጀመር። ከዚያ ሠራተኞቹ ማን ምን እንደቻለ፣ ምን እንዳስቸገረው በዚያው ሳምንት ይጻፉ፤ ከገና እስከ ከተራ ያለው 11 ቀን ብቻ ነውና የዘገየ ማስታወሻ ለጥምቀት አይደርስም። ቤተሰቦችም በበኩላችሁ፣ ልጃችሁ በማዕከሉ የለመደውን ሥራ በገና ዋዜማ ከእጁ አትውሰዱበት።