የተረጂዎች መረጃ አያያዝ በአንድ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት፦ ከተግባር ልምምድ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

እንደሚታወቀው በየሠፈሩ የሚገኙ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሥራቸው የሚጀምረው ከምዝገባ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ አንዳንዴም የጤና ሁኔታ ይጠየቃል። ተረጂው ይህን ሁሉ የሚናገረው ችግር አስገድዶት እንጂ ምስጢሩን ለሰው ማካፈል ፈልጎ አይደለም። እኔ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ እናቶችን በሚረዳ አንድ ትንሽ ድርጅት ነበር። እዚያ ያየሁትን፣ የራሴንም ስሕተት ጨምሬ፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የገጠመኝ

ድርጅቱ ሦስት ሠራተኞች፣ አንድ ኮምፒዩተርና ቁልፉ የጠፋ የፋይል ካቢኔት ነበረው። አንድ ቀን የዱቄትና የዘይት ማደያ ዝርዝር ኮፒ እንዳስደርግ ተላክሁ። ማሽኑ ሁለት ገጽ አበላሸ፤ እኔም የተበላሸውን እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ጥዬ ወጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት የቆሎ መጠቅለያ ወረቀት ይዘው ቢሮ መጡ። ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸውና መድኃኒት የጀመሩበት ቀን በደንብ ይነበባል። ቆሎውን የገዛችው የአከራያቸው ልጅ ነበረች። «ልጄ፣ እኔ የነገርኩት ለእናንተ ነው፤ ለሠፈሩ አይደለም» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። በዚያው ወር ቤቱን ለቀው ሌላ ሠፈር ገቡ።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዱቄት ለማደል የመድኃኒት ቀን ምን ያደርጋል? ዝርዝሩ ከዋናው መዝገብ እንዳለ የተገለበጠ ነበር። ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ የድርጅቱ ማኅተም ካለበት ምስጢሩ ያው ወጣ ማለት ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማውም በሚበቃ መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። የጤና መረጃንም የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

1. በማደያ ዝርዝሩ ላይ መለያ ቁጥርና የተሰጠው መጠን ብቻ ቀረ። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ለብቻው ተቀመጠ።
2. ካቢኔቱ አዲስ ቁልፍ፣ ኮምፒዩተሩም የይለፍ ቃል ተደረገላቸው።
3. የተበላሸ ወረቀት ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ይቃጠላል።
4. ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ተከለከለ።
5. ተመዝጋቢው እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ይነገረዋል።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮ ነበር። ለጋሾች ርዳታው መድረሱን ለማረጋገጥ ስምና ፊርማ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ የፊርማው መዝገብ ከቢሮ ሳይወጣ ኦዲተሩ እዚያው መጥቶ እንዲያየው ስምምነት ተደረሰ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ገንዘብ የጠየቀው ቁልፉ ብቻ ነው። ስለዚህ «እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፣ አቅም የለንም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ለልምምድ የምትወጡ የክፍል ጓደኞቼም ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የማን ስም እንዳለበት እዩ። እኔ ያን ቀን አላየሁም ነበር።