እርሾና ሕዋስ

ልጆች ሆይ፥ በደብረ ታቦር ደጋ እናታችሁ የጤፍ ዱቄት ስታቦካ ከቀደመው ሊጥ ያስቀረችውን ጥቂት እርሾ እንደምትጨምርበት አይታችኋል። እርሾ ያለቀባትም ሴት ከጎረቤቷ ትዋሳለች። ብርዱ ሲጸና ሊጡ ኩፍ ለማለት ይዘገያል፤ ሙቀት ባለበት ግን ይፈጥናል። ይህ ስለ ምን ይሆናል? በእርሾው ውስጥ ሕይወት ስላለ ነው።

ከእርሾው ጥቂት ጠብታ ወስደን በማይክሮስኮፕ ብንመለከት በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፍጥረታትን እናያለን። እያንዳንዷም አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው አካል ሁሉ የሚሠራበት ትንሹ ክፍል ነው። ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ የሰውም አካል ወደ 30 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ከሚደርሱ ሕዋሳት ተሠርቷል። ነገር ግን ድንጋይ አይመገብም፥ አይራባምም። ሕዋስ ግን በስስ ሽፋኗ በኩል የሚጠቅማትን ታስገባለች፥ የማይጠቅማትንም ታስወጣለች። በአብዛኞቹ የሰው፥ የእንስሳና የተክል የሕዋስ ዓይነቶች ውስጥም ሥራቸውን የሚመራ አስኳል አለ።

ሕዋስ ከየት ትመጣለች? ሩዶልፍ ፊርሆ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1855 ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደምትወጣ ጻፈ። እርሾ የምታስቀር እናትም ይህን ነገር በሥራዋ ታውቀው ነበር።

ይህ ትምህርት ግን ለእንጀራ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በ1858 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ በሰፈሩ ገባ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ንጉሡም ሕዝቡን ይዘው ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ፤ በሽታው ግን በመንገድ ላይ ሳለም ሰው ይገድል ነበር። በዚያ ዘመን በሌላውም አገር ብዙዎች በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበርና አየር መለወጥን እንደ መድኃኒት ይቈጥሩት ነበር። በኋላ በፈረንጆች 1884 ሮበርት ኮኽ የኮሌራ ምክንያት እንደ ጎበጠ በትር ያለች ሕዋስ እንደ ሆነች አስረዳ። እርስዋም አስኳል የላትም፤ ነገር ግን አንዲቱ ተከፍላ ሁለት፥ ሁለቱም አራት ይሆናሉ። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር በነካው ውሃና ምግብ ወደ ሌላው ሰው ትተላለፋለች፤ ስለዚህ ሰው ሲጓዝ አብራው ትጓዛለች።

እንግዲህ ሊጥን የሚያነሣውና ሰፈርን የሚያጠፋው አንድ ሕግ ነው፤ የቀረው ጥቂት ይበዛል። ኮሌራ ከእናቲቱ ሕዋስ በቀር ሌላ መነሻ የላትምና እርስዋን ያጠፋ ሰው የልጆችዋን መንገድ ዘጋ። ውሃ ሲፈላ ትሞታለች፤ እጅ በሳሙና ሲታጠብ ትወገዳለች፤ መጸዳጃ ከምንጭ ሲርቅም ወደ እንስራችን የምትገባበትን መንገድ ታጣለች።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ንጹሑን እርሾ እናታችሁ እንደምትጠብቀው ጠብቁ፤ ከወንዝ የቀዳችሁትን ውሃ ግን ሳታፈሉ አትጠጡ። ከጥም የተነሣ ጥቂት መታገሥ ከብዙ ለቅሶ ይሻላልና።