መቅደላና የሴባስቶፖል መድፍ

መቅደላ በወሎ የሚገኝ አምባ ነው። ዙሪያው ገደል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ይህን አምባ ግምጃ ቤት፣ እስር ቤት፣ በመጨረሻም የመድፍ ምሽግ አደረጉት።

ማታ ስናስተምር አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ያ መድፍ ያን ሁሉ ገደል በምን ወጣ?» ብለው ጠየቁን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ታሪክ ሲወራ የተኳሹ ስም ይነሳል፤ የጎታቹ ግን ይረሳል። እስቲ አብረን እንየው።

ቴዎድሮስ መሣሪያ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ይፈልጉ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በሚባል ቦታ፣ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን «መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው። ሰዎቹ ሙያው አልነበራቸውም። ሞከሩ፤ ተበላሸ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ነሐስ ቀልጦ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል የ140 አህያ ጭነት ማለት ነው።

በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት እየመጣ ነበር። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም። ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተናደ መንገድ ወጣ። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉን በጋሪ ላይ አድርገው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት። መቅደላ የደረሱት ከወራት በኋላ፣ በመጋቢት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አልጠቀመም?

ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ ወታደር ገበሬን እንዳይዘርፍ አዘው ነበር። ኋላ ግን ግብር ቀረ፤ ስንቅ ጠፋ። ሠራዊታቸው የበጌምድርን ገበሬ ጎተራና ከብት ዘረፈ። ገበሬው ሸፈተ፤ ወታደሩም ከዳ። በቀይ ባሕር ዳር በዙላ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር ግን መድፉን በ44 ዝሆኖች እየጫነ፣ እህልና መኖ በብር እየገዛ መጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከኮረብታው የተተኮሱት መድፎች ብዙ ጉዳት አላደረሱም። እንግሊዞች ቶሎ ቶሎ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበራቸው። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች የብራና መጻሕፍቱንና ዘውዱን ዘርፈው፣ አምባውን አቃጥለው ሄዱ።

ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ስናየው የንጉሡን ቆራጥነት እናስባለን። የጎተቱትን ሰዎችና ጎተራው የተራቆተበትን ገበሬም እናስባለን። ገደል ምሽግ ይሆናል፤ ምሽጉን የሚያቆመው ግን ከበስተኋላው ያለው ሕዝብ ነው።

ለመወያያ፦
1. ሴባስቶፖል ስንት ኩንታል ይመዝናል?
2. የበጌምድር ገበሬ ለምን ሸፈተ?
3. በአካባቢያችሁ በሰው ጉልበት የወጣ መንገድ አለ? እነማን ሠሩት?