የሞግዚቷ ዋጋና የእናቲቱ አቅም

ገበሬ ወገኖቻችን! የዛሬው ትምህርት የሚነበብም የሚሰላም ነው። ደብተርና እርሳስ ያዙ።

አረም ሲደርስ ሕፃን ያላት እናት ምን ታደርጋለች? አንዷ አዝላ ታርማለች። ሌላዋ ትልቋን ልጅ ከትምህርት ቤት ታስቀራለች። ሌላዋም ሕፃኑን እቤት ትታው ትሄዳለች። ሕፃን ደግሞ እሳት አያውቅም። ስለዚህ ጠባቂ ያስፈልጋል።

«ቁጭ ብላ ምን ሠራች?» የሚሉ አሉ። ማጠብ፣ ማብላት፣ ከእሳትና ከውሃ መከልከል ቀን ሙሉ ዓይን የማያስነቅል ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ዋጋ አለው።

አሁን እናስላ። ለምሳሌ የሞግዚቷ የቀን ዋጋ 200 ብር ይሁን። ሕፃናቱ 4 ናቸው። 200 ለ4 ሲካፈል 50 ብር ይሆናል። ታዲያ እናት በየቀኑ 50 ብር ከየት ታመጣለች? ሕፃናቱን 10 ብናደርጋቸው 20 ብር ይደርሳታል። ግን አንድ ሰው 10 ጨቅላ መጠበቅ አይችልም። የሞግዚቷን ዋጋ ወደ 80 ብር ብንቀንሰውስ? ትታን ወደ ቀን ሥራ ትሄዳለች። ዋጋው ሲከብድ እናት ትጎዳለች፤ ሲያንስ ሞግዚት ትጎዳለች። በሁለቱም ሕፃኑ ይጎዳል።

መፍትሔው ሸክሙን መካፈል ነው።

1ኛ፦ ወንፈል። አንዲት ሴት የ4 እናቶችን ሕፃናት 4 ቀን ትጠብቅ። በየቀኑ 3ቱ እናቶች የየራሳቸውን ማሳ ያርማሉ፤ አንዷ በተራዋ የሞግዚቷን ማሳ ታርማለች። በ4ኛው ቀን ሞግዚቷ የ4 ቀን ጉልበት አገኘች። እያንዳንዷ እናትም በራሷ ማሳ 3 ቀን ሠራች። ብር አልወጣም፤ የተበደለም የለም። አቅም ለሌላት እናት ግን ጎረቤት ተራዋን ይሸፍንላት።

2ኛ፦ የመንግሥት ድርሻ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ በማኅበረሰብ ሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር፣ የጠባቂዋም ድካም እንደ እርከን ሥራ እንዲቆጠርላት መመሪያ አውጥቷል። በሩቅ አገርም ምሳሌ አለ። የካናዳ ክፍለ ሀገር የሆነችው ኩቤክ በ1989 ዓ.ም. ወላጅ ለአንድ ልጅ በቀን 5 ዶላር እንዲከፍል፣ የቀረውን መንግሥት እንዲችል አደረገች። ክፍያው ኋላ ጨምሯል።

ጥያቄዎች፦
ሀ. የሞግዚቷ ዋጋ 240 ብር፣ ሕፃናቱ 4 ቢሆኑ የአንዷ እናት ድርሻ ስንት ነው?
ለ. ከዚያ ላይ ቀበሌው ግማሹን ቢችል ለእናቲቱ ስንት ይቀርላታል?
ሐ. በመንደራችሁ በአረም ጊዜ ሕፃናትን ማን ይጠብቃል? በምን ዋጋ? በስብሰባ ተወያዩበት፤ ሴቶችም ይናገሩ።