የጠላ ዕቃዎች አጠባብና አያያዝ

ጠላ ሲሆመጥጥ ጥፋቱ በብቅሉ ወይም በጌሾው ይመካኛል። ይሁን እንጂ መነሻው በሚገባ ያልታጠበ ጋን ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ጠላ ጠምቀው ለሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የዕቃ አጠባብን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ማጠን ማጠብን አይተካም

የሸክላ ጋን ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ የቀረ አተላ የባክቴሪያዎች መጠለያ ይሆናል። ከነዚህም አንዳንዶቹ አየር ሲያገኙ የጠላውን አልኮል ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። የወይራ ጭስና ሙቀት ባክቴሪያዎችን ቢገድልም አተላ የሸፈናቸውን በሚገባ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ያልታጠበ ጋን ቢታጠን ሽታው ያምራል እንጂ አይጸዳም።

የሸክላ ጋንና እንስራ

1. ጠላው እንዳለቀ አተላው ሳይደርቅ ተገልብጦ ጋኑ ወዲያውኑ በውሃ ይለቅለቅ።

2. ውስጡ በግራዋ ቅጠልና በውሃ ይታሽ፤ አንገቱና ታችኛው ክፍል በተለይ ይፈተግ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይለቅለቅ። ሳሙናና በረኪና በሸክላው ውስጥ ሰርገው ስለሚቀሩ አንመክራቸውም።

3. ጋኑ ፀሐይ ላይ በሚገባ ይድረቅ።

4. ደረቅ የወይራ ስንጣሪ በፍም ላይ ሲጨስ ጋኑ ይደፋበት። ለ10 ደቂቃ ያህል፣ የጋኑ ውጭ በእጅ ሲነካ እስኪሞቅ ድረስ ይቆይ። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወን።

5. አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በዚያው ቀን ይጠንሰስበት።

የፕላስቲክ በርሜል

ፕላስቲክ አይታጠንም። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ ሻካራ ነገር ከጫረው ቆሻሻ በጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። ሳሙናው ከለቀቀ በኋላ 75 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በ20 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ውስጡን ሁሉ ያርጥብ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ይደፋና በርሜሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪና መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

ማስጠንቀቂያ

ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ሽታው ቢጠፋም ጠጪውን ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ይበሳ። ዚንክ የተለበጠ በርሜልም የጠላው አሲድ ዚንኩን ስለሚያሟሟው አይመረጥም።

ቁጥጥር

ከማጠን በፊት የጋኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይታሽ። ጨርቁ ከቆሸሸ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ካለ እጥበቱ ይደገም። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ጋን ቁጥር ሰጥቶ የታጠበበትንና የተጠነሰሰበትን ቀን ቢመዘግብ፣ ጠላ በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱ የጋኑ ይሁን የጥንስሱ ለይቶ ለማወቅ ይረዳዋል።